ከመንኮራኩሩ ሆድ የጎደለው

አቶ ጎደለ ክፍላቸው ሊወሰድባቸው እንደሆነ የሰሙት ገላቸውን ታጥበው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሲወጡ ነው። ልጃቸውና አማቻቸው ሳሎን ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር። ሰው ጮክ ብሎ ሲያወራ አቶ ጎደለ ግማሹን አይሰሙም፤ ሲያንሾካሹክ ግን አንዲት ቃል አታመልጣቸውም።

«እዚያ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ነው የሚሻለው» አለ አማችየው።

«አባዬስ?»

«እሱን አንቺ ንገሪያቸው።»

«ሥራህ ሲያልቅ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል።»

አቶ ጎደለ ኮቴያቸውን ሳያሰሙ ወደ ክፍላቸው ተመልሰው አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉ። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ቤታቸውን ዘግተው እዚህ ሲገቡ «ይህ ክፍል ዕድሜ ልክህን ያንተ ነው» ብላ ቁልፉን እጃቸው ላይ ያስቀመጠችላቸው ይህችው ልጃቸው ናት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ የጎረቤቱን ግድግዳ እንጂ ሌላ አያይም፤ በጠራራ ቀን እንኳ ይቀዘቅዛል። ቢሆንም የራሳቸው ነው። ከዚያ ከወጡ ቀጥሎ ወዴት እንደሚኬድም አላጡትም። ልጃቸው ነርስ ናት፤ የምትሠራው አዛውንቶች በሚታከሙበት ክፍል ስለሆነ፣ ልጆቻቸው አምጥተው ጥለዋቸው ስለሄዱ ሽማግሌዎች ስታወራ ብዙ ጊዜ ሰምተዋታል።

«አቶ ጎደለ» ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። አውቶቡስ ድርጅት ውስጥ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሳሉ ሾፌሮቹና መካኒኮቹ ያወጡላቸው ነው። ብሎን ጎደለ፣ የፍሬን ሸራ ጎደለ፣ አምፖል ጎደለ እያሉ ሰው ሲያምሱ ይውሉ ስለነበር ነው። ሰላም የሚላቸውን ሰው ፊቱን ሳይሆን ኪሱን ነው የሚያዩት ተብሎ ይታሙ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ግምጃ ቤቱን ለተተኪያቸው አስረከቡ፤ ጥርጣሬያቸውን ግን ፈርሞ የተረከባቸው ሰው አልተገኘምና ይዘውት ቤት ገቡ።

«ሥራህ ሲያልቅ» የተባለው ደግሞ የምግብ ጠረጴዛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞ የተጋደመው የጠፈር መንኮራኩር ነው። አማችየው መነጽር ሠሪ ነው። የሰው መነጽር ሲሞርድ ይውልና ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ወደ መንኮራኩሩ ነው። የሚሠራው ከመጫወቻ ጡብ ነው፤ ያቺ ልጆች አንዷን ባንዷ ላይ ቀጭ እያደረጉ ቤት የሚሠሩባት፣ አናቷ ላይ ጉጥ ጉጥ ያላት ፕላስቲክ። ይኼኛው ግን ሣጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል እያዩ የሚገጣጥሙት አይነት አይደለም። ሰውየው ከራሱ ጭንቅላት አውጥቶ በኮምፒውተር የነደፈው ነው። አካሉ ነጭ፣ ሞተሮቹ ግራጫ ናቸው፤ ወገቡ ላይ የሚሽከረከር ቀለበት አለው። አፍንጫው ላይ ባለችው ቢጫ መስታወት አጎንብሶ ላየ ሰው የአብራሪው ወንበር፣ መሪው፣ የመኝታ ክፍሎቹ፣ ጣት የማያክሉ አልጋዎች፣ አትክልት የሚበቅልበት ክፍል ሳይቀር ይታየዋል። ጡቦቹ በቀለምና በመጠን ተለይተው መሳቢያ መሳቢያ ተደርገዋል፤ ጥቃቅኖቹን የሚያነሳቸው የመነጽር ብሎን በሚያነሳበት ወረንጦ ነው። ጠረጴዛው ስለተያዘ ቤተሰቡ የሚበላው ማድ ቤት ውስጥ ክርን ለክርን እየተጋጨ ነው።

አቶ ጎደለ የሰሙት ሹክሹክታ ሳይበርድላቸው፣ በማግሥቱ አማችየውን ክፍላቸው ውስጥ ሜትር ይዞ ቆሞ አገኙት። ሜትሩን ከጀርባው ደበቀና «ዝም ብዬ ነው አባባ» አለ። ዝም ብሎ የሰው ክፍል የሚለካ ሰው አቶ ጎደለ በዕድሜያቸው አላዩም። ሲወጣ ደግሞ ከአልጋው እስከ መስኮቱ በዓይኑ አንዴ ቃኝቶ ነው የወጣው። ነገሩ ቁልጭ አለላቸው፤ መንኮራኩሩ ይገባል፣ ሽማግሌው ይወጣል። ከአንድ የፕላስቲክ ክምር ማነሳቸው ቆሽታቸውን አሳረረው።

እንግዲህ የተባለው «ሲያልቅ» ነው። ስለዚህ ማለቅ የለበትም።

ገፍትሮ መጣል የሞኝ ሥራ ነው፤ ማን እንዳደረገው ወዲያው ይታወቃል። አቶ ጎደለ ከዚያ የተሻለ ያውቃሉ። ብልጥ የግምጃ ቤት ሌባ ከፊት አያነሳም። ካርቶኑን ከጀርባው ቀዶ ከመሃል ያወጣል፤ መደርደሪያው ፊት ለፊት ሲታይ ጢም ብሎ የሞላ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ሌባ ሲያድኑ ነው የኖሩት። አሁን ዕውቀታቸውን ገልብጠው ሊጠቀሙበት ነው።

መንገዱን የመራቸው ራሱ አማችየው ነበር። አንድ ቀን በኩራት የመንኮራኩሩን ነጭ ቆዳ ከሥር ገልጦ ሆዱን አሳይቷቸዋል። ውስጡ ቀይም አረንጓዴም ሰማያዊም ነው፤ ሰው የማያየው ቦታ ስለሆነ የተረፈው ቀለም ሁሉ እዚያ ነው የሚሄደው። መሃሉን ግን ከአፍንጫው እስከ ሞተሮቹ ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ረጃጅም ዘንጎች ይዘውታል። ዘንጎቹን የሚያያይዟቸው ባቄላ የሚያህሉ ጥቁር መሰኪያዎች ናቸው። «ይህ አከርካሪው ነው አባባ። ቆዳው ቢወልቅ ችግር የለም፤ ይህ ከላላ ግን አለቀለት» አላቸው። ለማን እንደነገረ አላወቀም።

ባልና ሚስት ለሥራ ሲወጡ አቶ ጎደለ ሻያቸውን ጠጥተው፣ እጃቸውን ታጥበው ሳሎን ይገባሉ። ከመንኮራኩሩ ሥር ያለችውን ነጭ ክዳን ይገልጡና አንዲት መሰኪያ በጥፍራቸው ነቅለው፣ ክዳኗን መልሰው ይወጣሉ። በየቀኑ አይነኩም፤ ያዘወተረ ሌባ እንደሚያዝ ያውቃሉ። ጎን ለጎን ያሉትንም አያነሱም፤ አንዷን ከአፍንጫው፣ ሌላዋን ከወገቡ ነው የሚነቅሉት። የነቀሉትን ደግሞ አንድ ቦታ አያከማቹም። ዕቃውን በአንድ ጉድጓድ የሚከምር ሌባ ሲገኝበት ሁሉም ነው የሚገኝበት። አንዷን በነጠላ ጫማቸው ሶል ውስጥ፣ አንዷን በስኳር ዕቃው ታች፣ ሌላዋን በመድኃኒት ብልቃጥ፣ በካፖርታቸው ገበር፣ በግድግዳ ሰዓቱ ጀርባ፣ በመጋረጃው ጠርዝ ሸጎጧቸው። የትኛዋ ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣች አንድ በአንድ በልባቸው ይዘዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጭንቅላታቸው እንዲህ ተፍታትቶ ሠርቶ አያውቅም።

ቀስ በቀስ የመንኮራኩሩ አፍንጫ ማቀርቀር ጀመረ። አማችየው መጀመሪያ ዓይኑን ጠረጠረ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አደረገ። ቀጥሎ ንድፉን ጠረጠረ፤ ክብደቱን አብዝቼበት ይሆናል ብሎ የአብራሪውን ክፍል አፍርሶ እንደገና ሠራው። ከዚያ ሚስቱን ጠረጠራት። ጠረጴዛውን ስትወለውል ነክታው እንደሆነ ጠየቃት። እሷም ጠረጴዛው ጠረጴዛ መሆኑን ካየች ዓመት እንዳለፋት ነግራው አኮረፈችው። አቶ ጎደለ ዳቧቸውን በሾርባ እያራሱ ሁለቱንም በዓይናቸው ጫፍ ይከታተላሉ። አንጀታቸው ቅቤ አልጠጣም ብሎ መማል አይቻልም። ሰውየው አጎንብሶ ያንን አፍንጫ በጣቱ ቀና ሲያደርገው፣ መልሶ ሲያቀረቅርበት ሲያዩ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩ ነበር።

አንድ የዕረፍት ቀን፣ ምሳ ሊቀርብ ሲል፣ አማችየው ሚስቱን ጠራትና መንኮራኩሩን ለማዞር አንዱ ጫፍ በእሱ፣ ሌላው በእሷ እጅ ሆኖ አነሱት። መሃሉ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ትንንሾቹ አልጋዎችና የአትክልቱ ክፍል ወለሉ ላይ ተዘሩ። አማችየው ወለሉ ላይ ተቀምጦ አንደኛውን ግማሽ ጭኑ ላይ አስተኛና ሆዱን ገለጠ፤ ባዶ ባዶዎቹን ቀዳዳዎች ሲያይ ቆየና «ወልቀው አይደለም፤ የሉም እኮ» አለ። አቶ ጎደለ በሙያቸው የሚያውቁትን ተናገሩ፤ ዕቃ ከፋብሪካው ጎድሎ የመምጣት ልማድ አለው አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቤቱ ሹክሹክታ ባሰ። ልጃቸው ታጥፋለች፣ ታጥባለች፣ ትጠርጋለች፤ አቶ ጎደለ ግን መሰኪያዎቹን ስትፈልግ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ሁለቱን ግማሾች አማችየው አንሶላ አልብሷቸው ወደ ጠረጴዛው መቅረቡን ተወ። ጥያቄም መጣ። ጠዋት ሳሎን ገብተህ ነበር ወይ? ትናንት ምን በላህ? ዛሬ ምን ቀን ነው? አቶ ጎደለ ይህን ዓይነት ጥያቄ ያውቁታል፤ መርማሪ ሲያጠምድ ከማይጎዳው ጀምሮ ነው ወደሚጎዳው የሚመጣው። ድርጅቱ ውስጥ በየጊዜው ምርመራ ሲደረግ አዎ ያለውም አይ ያለውም ኋላ በራሱ አፍ ይያዝ ነበር፤ «አላስታውስም» ያለውን ግን ያንበረከከው የለም። ስለዚህ ለሁሉም አላስታውስም አሏት። ምን እንደበሉም፣ ምን ቀን እንደሆነም። መልሱ በሠራ ቁጥር በራሳቸው ብልጠት እየተደነቁ፣ ልጃቸው ፊቷን አዙራ ዓይኗን ስትጠርግ አንዴም አልጠረጠሩም።

ያልጠበቁት ነገር ቀጠለ። በየበሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ «መታጠቢያ ቤት»፣ «ማድ ቤት»፣ «የአባዬ ክፍል» ይላል። የመጨረሻውን ሲያነቡ ደስ አላቸው፤ ክፍሉ የማን እንደሆነ በጽሑፍ አመኑ ብለው። የምድጃው መክፈቻ ተነቅሎ ሲወሰድ ግን ግራ ገባቸው። ልጃቸው ዳቧቸውን እየቆረሰች፣ የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፈች፣ እንደ ሕፃን ቀስ ብላ ታናግራቸው ጀመር። ይህ ሁሉ ማር ምን ሊያስበላቸው እንደሆነ ሲያሰላስሉ ሰነበቱ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ቀርታ ክፍላቸው ገባችና አልጋቸው ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጠች። በውስጡ ጥቁር መሰኪያዎች አሉ። አቶ ጎደለ እጅ ከፍንጅ መያዛቸው ነው ብለው ክህደታቸውን አዘጋጁ። ልጃቸው ግን እያለቀሰች ነበር።

«ጥፋትህ አይደለም አባዬ» አለቻቸው። «ዕቃ አንስቶ የትም መሸጎጥ የመርሳት በሽታ ጠባይ ነው። በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ቀድሜ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሆዷ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ዘረገፈችው። ዕቃ የተከመረበትን፣ ፀሐይ የሚገባበትን የመንገድ ዳር ክፍል አስለቅቀው፣ ቀለም ቀብተው ሊሰጧቸው ነበር፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የዚህ ክፍል ቅዝቃዜ ነው ብላ አስባ። ነጩ ጡብ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ይወይባል፤ ስለዚህ ጨለማው ክፍል ለመንኮራኩሩ፣ ፀሐዩ ለአባዬ ተባለ። ድንገት እናስደስተው ብለው ነው ትንፍሽ ያላሉት። አሁን ግን ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ማዋል አልቻለችም፤ እሳት ቢለኩሱስ፣ ወጥተው ቢጠፉስ? የሥራ ባልደረባዋ የምታውቀው መጦሪያ ቤት አለ፤ ንጹሕ ነው፤ ቦታ ተይዞላቸዋል። ይህን ብላ ራሷን ጉልበታቸው ላይ ደፍታ አለቀሰች።

አቶ ጎደለ ፀጉሯን ዳበሱ። አፋቸውን ሊከፍቱ ፈልገው ነበር። ምን ይበሉ? ጤነኛ ነኝ ካሉ ሌባ መሆናቸው ነው፤ ያውም እነሱ ፀሐይ ሊሰጧቸው ሲሯሯጡ የሰረቁ ሌባ። አፈሩ፤ ከማፈራቸውም በላይ ፈሩ። በሽተኛ መባሉ ለጊዜው ቀለላቸው፤ ዝም ብለው መዳበሱን ቀጠሉ።

እንደዚያ እንደታመሙ ከረሙ። መቼም ሰው ሆኖ እንክብካቤ የሚጠላ የለም። ልጃቸው ግንባራቸውን ሳትስም አትወጣም፤ አማችየው እንኳ ያን ሁሉ ድካሙን ያፈረሱበትን ሰው ክንዳቸውን ይዞ ደረጃ ያወርዳቸዋል። አንዳንዴ ጤነኛ ብሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ያደርጉልኝ ነበር ወይ ብለው ይጠረጥራሉ። ከዚያ ሦስቱም መጦሪያ ቤቱን ሊያዩ ሄዱ። ግቢው በአበባ የተሞላ ነው፤ ሠራተኞቹም ፈገግታ አይነሱም። አቶ ጎደለ ግን ዓይናቸው ያረፈው በሩ ላይ ነው። ከውጭ የሚገባ ሰው ይገፋዋል፤ ከውስጥ የሚወጣ ቁጥር ካልነካ አይከፈትለትም። ዕድሜያቸውን በር ሲቆልፉ የኖሩ ሰው ናቸውና እንዲህ ያለ በር የሚሠራው ለዕቃ እንደሆነ ገባቸው።

ሊገቡ ቀጠሮ ከተያዘበት ቀን በፊት ባለው የዕረፍት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አቶ ጎደለ ሳሎን ገብተው አንሶላውን ከመንኮራኩሩ ላይ ገፈፉት። ጎድጓዳ ሳህኑን አጠገባቸው አደረጉ። ልጃቸው ልታስቆማቸው ስትነሳ አማችየው እጇን ያዘ። ሽማግሌው ሳህኑ ውስጥ ያሉትን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ፤ ሳይደናበሩ የግድግዳ ሰዓቱን አወረዱ፣ የመጋረጃውን ጠርዝ ተረተሩ፣ የካፖርታቸውን ገበር ፈተሹ፤ እሷ ያላገኘቻቸውን መሰኪያዎች ይዘው ተመለሱ። ከዚያ የመንኮራኩሩን ሆድ ገልጠው እያንዳንዷን ወደወጣችበት ቀዳዳ መመለስ ጀመሩ። ይህቺ የአፍንጫው ናት፤ ይህቺ ከወገቡ በስተግራ ነበረች፤ ይህቺን የነቀልኩት ዝናብ የጣለ ዕለት ነው፣ አንተ ጃንጥላህን ረስተህ ተመልሰህ ልትይዘኝ ነበር አሉ። አማችየው ሳያስበው አጎነበሰላቸው፤ አንዱን ግማሽ እሱ፣ ሌላውን እሳቸው ይዘው ገፋ ሲያደርጉት ዘንጎቹ ተነካከሱና አፍንጫው ቀጥ አለ።

«ደህና ናቸው እኮ» አለ አማችየው ወደ ሚስቱ ዞሮ። ፊቱ በርቶ ነበር። «ሁሉንም ያስታውሳሉ። ደህና ናቸው።»

ልጃቸው ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ነገሩ ከባሏ ቀድሞ ገብቷታል።

«እያወቅክ ነው» አለች።

«ክፍሌን ልትወስዱብኝ መስሎኝ ነው» አሉ አቶ ጎደለ። «ጠይቄሽ ቢሆን ኖሮ…»

«ያን ቀን ጉልበትህ ላይ ሳለቅስ፣ ፀጉሬን ስትዳብሰኝ፣ ያኔም ታውቅ ነበር?»

ውሸት ሞልቷቸው ነበር፤ የትኛውም ግን አሁን አይሆንም። እስካሁን በእያንዳንዷ መሰኪያ ሲያሳዩ የቆዩት እኮ ምንም እንዳልረሱ ነው።

«አዎ» አሉ።

ልጃቸው አልጮኸችም። ጮኻ ቢሆን ይቀላቸው ነበር። «እኔ ይቅር ያልኩት የታመመውን አባቴን ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጤነኛውን እንዴት እንደማደርገው አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችው የቤት ጉዳይ ነው። ወደ መጦሪያ ቤቱ ደውላ ቦታውን እንደምትለቅ፣ በየበሩ ያሉት ወረቀቶች እንደሚነሱ፣ ክፍሉ የእሳቸው እንደሆነና ማንም እንደማይነካባቸው ነገረቻቸው። መንኮራኩሩ ወደ መንገድ ዳሩ ክፍል ይገባል አለች። አማችየው ፀሐዩ ያወይበዋል ሊል ጀመረ።

«ወፍራም መጋረጃ ይደረግበታል» አለች።

ባልና ሚስት መንኮራኩሩን አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ ሆነው አነሱት። አልተከፈለም፤ አከርካሪው ጠንክሯል። አቶ ጎደለ ሊያግዟቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ ልጃቸው ግን መንገድ እንዲለቁላት ብቻ ጠየቀቻቸው። በዚያ ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ተሰቀለ። አቶ ጎደለ ክፍላቸው ውስጥ ካፖርታቸውን ደርበው ተቀምጠው፣ ልጃቸው በሩን ሳታንኳኳ በኮሪደሩ ወዲያና ወዲህ ስትመላለስ ይሰሙ ነበር።